የደም ማነስ ቁጥሮች ይታመናሉ? ጠይቁኝ

የሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል፤ ሲያንስ ደም ማነስ ይባላል) ዳታ ማጣራት ሥራዬ ነው። የመጣላችሁን ጠይቁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደም ማነስ ያለባቸው ሕፃናት በ2011 44 በመቶ ነበሩ፣ በ2016 57 ሆኑ። እንዲህ ተጎዱ ማለት ነው?

መልስ፦ ድርቅ ነበር፣ ስለዚህ ሊሆን ይችላል። ግን በዚያው ሰሞን የተሠራው የማይክሮኒውትሬንት (የቫይታሚንና የማዕድን) ጥናት ለሕፃናት 34 በመቶ አካባቢ ነው ያገኘው። የመጀመሪያው ደሙን ከጣት ጫፍ ወሰደ፣ ይሄኛው ከደም ስር። ልዩነቱ በሙሉ ከዚህ መጣ ብዬ አልምልም፣ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ይሄንን ነው።

ጥያቄ፦ ጣት መውጋት ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እናት ትሳቀቃለች፣ ባለሙያው ቶሎ ለመገላገል ጣቱን ይጨምቃል። ሲጨመቅ ሌላ ፈሳሽ አብሮ ይወጣና ደሙ ይቀጥናል። ደንቡ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጠብታዎች ጠርጎ ሦስተኛውን መውሰድ ነው፣ መስክ ላይ ስንቱ እንደሚያደርገው እናንተው ታውቃላችሁ።

ጥያቄ፦ ጥሬ ዳታው እጄ ላይ ነው፣ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከስርጭቱ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳየው) ብዙ ጊዜ ከ1.1 እስከ 1.5 ግራም በዴሲሊትር ነው። ከዚያ በጣም ከሰፋ አለካኩን ጠርጥር። አማካዩ ትክክል ቢሆን እንኳ ስርጭቱ ሲሰፋ ጫፍና ጫፉ ይወፍራል፣ ከባድ ደም ማነስ ያለባቸው ሰዎች ቁጥርም በሐሰት ያብጣል። ቀጥለህ በየለኪ ቡድኑ ከፋፍለህ እይ። አንድ ቡድን ብቻ ከጎረቤቶቹ ከራቀ ወይም ቁጥሮቹ .0 እና .5 ላይ ከተከመሩ፣ ደውልና ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የከፍታ ማስተካከያስ? እኛ ደጋ ነን።

መልስ፦ ይሄ ራስ ምታት ነው። ከፍ ያለ ቦታ ሄሞግሎቢን ይጨምራል ተብሎ ከውጤቱ ይቀነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ለአብዛኛው ከፍታ ቅናሹን አሳደገው፦ ከ2,000 እስከ 2,499 ሜትር፣ አዲስ አበባን ጨምሮ፣ 1.4 ግራም። ያው ልጅ፣ ያው ደም፣ በአዲሱ ቀመር ደም ማነስ አለበት ሊባል ይችላል፤ ስለዚህ የድሮውንና የአዲሱን ጥናት በአንድ ቀመር ሳታሰላ አታወዳድር። ደግሞ በ2002 የወጣ ጥናት በ3,530 ሜትር የሚኖሩ የአማራ ደገኞችን ለክቶ፣ ሄሞግሎቢናቸው ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። ላልጨመረው ሰው መቀነስ ፍትሐዊ ነው? እኔ በበኩሌ የተስተካከለውንም ያልተስተካከለውንም ጎን ለጎን ነው የማቀርበው።

ጥያቄ፦ የሄሞግሎቢን መለኪያ ማሽኑን በየጠዋቱ ቼክ ካደረግን አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ያ የሚፈትነው ማሽኑን እንጂ እጃችሁን አይደለም። ሥልጠና ላይ የአንድን ሰው ሁለት ጣት አስለኩና ቁጥሩ የሚዘልበትን ባለሙያ መስክ ከመውጣቱ በፊት እንደገና አሠልጥኑት።