ተቀብቶ ተመልሶ የሚመጣ ሻጋታ

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን አንድ መኝታ ክፍል ውስጥ ነው የምንተኛው። ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ጠቋቁሯል። ሁለት ጊዜ አስቀባነው፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ተመለሰ። ትንሹ ልጄ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። ሻጋታ የሚያጠፋው የትኛው ቀለም ነው?»

ለሦስተኛ ጊዜ ገንዘብዎን እንዳያወጡ ቶሎ ልንገርዎት፤ ቀለም ብቻውን አያጠፋውም። ሻጋታ ላይ የተቀባ ቀለም ሲላጥ እንጂ ሲያድን አላየሁም። ሻጋታ ያለ እርጥበት አያድግም። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንፈልግ። ልጁን ደግሞ ዛሬውኑ ከዚያ ግድግዳ አርቀው ያስተኙት፤ ሳሉን ሐኪም ይየው።

ውሃው ከጣሪያ፣ ከቧንቧ፣ ከተሰነጠቀ ልስን ወይም ከመሬት ወደ ግድግዳው ገብቶ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ከክፍሉ አየር ነው። ለመለየት ቁምሳጥኑን ይሳቡና ከሻጋታው አጠገብ፣ ንጹህና ደረቅ ቦታ ላይ፣ ደብተር የሚያህል ላስቲክ ይለጥፉ። አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ጥርቅም አድርገው ይዝጉት። ትንሽ እንኳን አየር ካስገባ ውጤቱ አይታመንም። ሁለት ሌሊት ይደር። ጠዋት እንደተነሱ፣ መስኮት ሳይከፍቱ፣ ላስቲኩን በጣትዎ ይዳስሱት። ወደ እናንተ የዞረው ፊት ካላበው ውሃው የክፍሉ አየር ነው። ሲነቅሉት ግድግዳው በኩል ከረጠበ ግን ግድግዳው ራሱ ውሃ ይዟል። ያኔ የሚያፈሰው ሳይደፈን ሌላው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከጥያቄዎ እንደምገምተው የእናንተው የአየር ነው። አንድ ትልቅ ሰው ሌሊቱን በትንፋሽና በላብ አንድ ብርጭቆ ያህል ውሃ ወደ አየር ይለቃል። የአራታችሁ ሲደመር ወደ ሊትር ይጠጋል፤ መስኮትና በር ተዘግቶ የት ይሄዳል? ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። 20 ዲግሪ ሙቀትና 70 በመቶ እርጥበት ያለው አየር፣ 14 ዲግሪ ገደማ የሆነ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ሻጋታው ደግሞ ግድግዳው እስኪንጠባጠብ አይጠብቅም፤ ከዚያ በፊት ይጀምራል። ቁምሳጥን ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ጀርባው አየር አያገኝም፣ የክፍሉ ሙቀትም አይደርሰውም። ሁልጊዜ ከዚያ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ያርቁት፤ ቢቻል ውጭውን ከሚያዋስን ግድግዳ ጭራሽ ያንሱት። በየጠዋቱ መስኮቱንም በሩንም ለ10 ደቂቃ ወለል አድርገው ይክፈቱ። ቀኑን ሙሉ ገርበብ ከማድረግ ይህ ይሻላል፤ አየሩ ይለወጣል፣ ግድግዳው ግን አይቀዘቅዝም። የታጠበ ልብስ መኝታ ክፍል አያስጡ። ፍራሹ መሬት ላይ ከሆነ ከስሩ አየር ያግኝ። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ካገኙ ከ60 በመቶ በታች እንዲሆን ይጣሩ።

አሁን ወደ ጽዳቱ። ሻጋታው ከ1 ካሬ ሜትር ካልበለጠ ራስዎ ሊያጸዱት ይችላሉ፤ ከበለጠ ባለሙያ ይጥሩ። ልጆቹን ያስወጡ፣ በሩን ዘግተው መስኮቱን ይክፈቱ፣ ጓንትና አፍና አፍንጫን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ማስክ ያድርጉ። በደረቁ ፈጽሞ አይቦርሹት፤ ብናኙ ክፍሉን ይሞላዋል። በሳሙና ውሃ አርጥበው ይጥረጉ፣ ጨርቁንም ይጣሉት። በረኪና ከተጠቀሙ ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር በጭራሽ አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ልስኑ ከለሰለሰ ወይም ከተነፋ ጠርበው ያውጡት።

ከዚያ ይድረቅ። ለቀለም አይቸኩሉ፤ ላስቲኩን እንደገና ለጥፈው ጠዋት ደረቅ ሆኖ ሲያገኙት ያስቀቡ። የዘይት ቀለም ሳይሆን ውሃ ቀለም ይሁን፤ የዘይቱ ግድግዳው ውስጥ የቀረውን እርጥበት ያፍነዋል። የቁምሳጥኑንም ጀርባ አይርሱ። ኮምፔንሳቶው ከጠቆረና ሽታው በጽዳት ካልለቀቀ ያችን አንዷን ገበታ ያስቀይሯት።