የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጥቆማ የሚሰጥ አፕ ሳይኖር ሰው አዲስ ሙዚቃ ከየት ያገኝ ነበር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ታላቅ ወንድሜ የድሮ አይፖዱን ሰጠኝና ቻርጅ አድርጌ ስከፍተው ውስጡ ያሉትን ዘፈኖች አብዛኞቹን ሰምቻቸው አላውቅም፣ ዘፋኞቹን ሰርች ሳደርግም ይሄ ነው የሚባል ነገር አይመጣም። ደሞ ባልና ሚስት እቤታቸው ቁጭ ብለው ሲሳሳቁ የተቀዳ ፕሮግራም አለ፣ ቀኑ በፈረንጆቹ 2005 ይላል። ወንድሜን ስጠይቀው "ፖድካስት ነዋ" ብሎ ዘጋኝ። ያኔ ስፖቲፋይ የለ፣ ዩቲዩብ ገና ዳዴ እያለ፣ ሰው እነዚህን ነገሮች ከየት ነበር የሚያገኛቸው? (አይፖድ የወረሰው)

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንህ፣ አይፖዱን ካንተ ኮምፒውተር ጋር ስታገናኘው አይፖዱን የሚሞላው የአፕል ፕሮግራም አይቲዩንስ (አዳዲሶቹ ማክ ላይ ፋይንደር) "ያለውን አጥፍቼ እንደ አዲስ ልሙላው?" ብሎ ሊጠይቅህ ይችላል፣ እሺ እንዳትል። አይፖድ ለአንድ ላይብረሪ ብቻ ስለሚገዛ እሺ ካልክ የወንድምህ ነገር በሙሉ ድራሹ ይጠፋል።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ የነገሩ ሥር አርኤስኤስ የሚባል ተራ የጽሁፍ ፋይል ነው። አንድ ቦታ አዲስ ነገር ሲወጣ ዝርዝሩ እዛ ፋይል ላይ ይጻፋል፣ ያንተ ፕሮግራም ደሞ በየጊዜው እየሄደ ያየዋል፣ በቃ ይሄው ነው። በ2000 መጨረሻ ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ዴቭ ዋይነር የሚባል ፕሮግራመር፣ ኤምቲቪ የሚባለው የሙዚቃ ቴሌቪዥን አቅራቢ የነበረው አዳም ከሪ ሲወተውተው ጊዜ፣ እዛ ፋይል ላይ አንዲት መስመር እንድትገባ አደረገ። መስመሯ የምትይዘው የድምጹ ፋይል ያለበትን አድራሻ፣ ስንት ባይት እንደሆነና ምን ዓይነት ፋይል እንደሆነ ብቻ ነው። ዛሬ ስልክህ ላይ የምትሰማው ፖድካስት ራሱ አብዛኛው አሁንም በዚችው መስመር ነው የሚመጣው።

ለምን አስፈለገ ካልከኝ፣ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነበራ! ሙዚቃ ያለበት ፕሮግራም በሰከንድ 128 ኪሎቢት ከተቀዳ ለአንድ ደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል፣ የግማሽ ሰዓቱ 30 ሜጋባይት ማለት ነው፣ ያንን በሰከንድ 56 ኪሎቢት በሚያወርድ የስልክ መስመር ለማውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ታፈጣለህ። እና ሀሳቡ ምንድነው፣ ክሊክ አድርጎ ከማፍጠጥ ኮምፒውተሩ ባለቤቱ ተኝቶ እያለ ቀስ ብሎ ሲያወርድ ይደር ነው። በ2004 የመጡት እነ አይፖደር የሚባሉ ፕሮግራሞች ይሄንኑ ነበር የሚሰሩት፣ ሌሊት አውርደው አይቲዩንስ ውስጥ ይከቱታል፣ ጠዋት ማጫወቻህን ነቅለህ እብስ ነው።

ግን ይሄ ማድረሻው ነው፣ አንተ የጠየቅከው ማን ነገራቸው ነው አይደል? እርስ በርሳቸው ነው የተነጋገሩት። አንዱ አዘጋጅ ደቂቃ የማትሞላ ማስታወቂያ ቀድቶ ለሌላኛው ይልካል፣ ያኛው ፕሮግራሙ መሃል ያጫውትለታል፣ ገንዘብ የለበትም፣ በተራው ደሞ እሱ ይልካል። ከሪ በኦገስት 2004 ዴይሊ ሶርስ ኮድ የሚል ፕሮግራም ጀምሮ የጀማሪዎቹን ቅንጫቢ ያሰማ ነበር፣ ዊስኮንሲን ገጠር ካለ እርሻ ቤት ያወሩ የነበሩት ዶውንና ድሩ የሚባሉት ባልና ሚስትም ብዙ ሰው ያወቃቸው በዛ መንገድ ነው (ወንድምህ ጋ ያሉት እነሱ ከሆኑ ልጆች አጠገብ አትክፈተው፣ አፋቸው ልጓም የለውም)። ስለዚህ አንድ የወደድከው ፕሮግራም ሶስት አራት ይሰጥሃል፣ እነሱ ደሞ የየራሳቸውን ይጠቁሙሃል፣ እንደ ዘር ሐረግ እየተመዘዘ ይሄዳል። ፖድካስት አሊ የሚባል ማውጫም ነበር፣ አድማጩ በየወሩ ድምጽ እየሰጠ የሚወደውን ወደ ላይ የሚያወጣበት፣ አዘጋጆቹ ወር በገባ ቁጥር "ምረጡኝ" እያሉ ጆሮ የሚያደነቁሩትም በሱ ምክንያት ነው።

ከዛ ጁን 28 ቀን 2005 አፕል አይቲዩንስ 4.9 ላይ ፖድካስት አስገባ፣ ከ3,000 በላይ ፕሮግራም ይዞ መጣ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሰብስክራይብ የተደረገው ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። ለአድማጩ ቀለለው፣ አልክድም። ግን በዛው ቀን እነ ኤቢሲ ኒውስና ኢኤስፒኤን የሚባሉት ትልልቅ የአሜሪካ ጣቢያዎችም ገቡና ማውጫው ፊት ላይ የሚታየው ስሙን ድሮም የምታውቀው ድርጅት ሆነ። እኔን ከጠየቅከኝ ከዛ በፊት የነበሩት ጥቂት ወራት ይበልጡብኛል፣ ምንም እንኳ ግማሹ ፕሮግራም ስለ ማይክራፎን የሚያወራ ማይክራፎን የገዛ ሰው ቢሆንም።

ጥያቄ፦ እኔ ዕድሜዬን ሬዲዮ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጆቼ የድሮ የሙዚቃ ፖድካስት ብለው ያሰሙኝ ሁሉ የማላውቃቸው ባንዶች ናቸው፣ አንድም የታወቀ ዘፋኝ የለበትም። ምርጫቸው ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? ሬዲዮ እኮ የፈለገውን ያጫውታል። (የሬዲዮ ሰው)

መልስ፦ ጥሩ አድርገው ነው የጠየቁት ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ምርጫ ብቻ አይደለም፣ የታወቀ ዘፋኝ ማጫወት አይችሉም ነበር።

አንድ ዘፈን ሁለት ባለቤት አለው ብለው ያስቡ። አንደኛው ግጥምና ዜማውን የደረሰው ነው፣ ሁለተኛው የተቀዳውን ድምጽ የያዘው ነው፣ እሱ ብዙ ጊዜ የሙዚቃ ኩባንያው ነው። ነገሩ የተጀመረበት አሜሪካ ውስጥ በአየር የሚተላለፍ ሬዲዮ የሚከፍለው ለመጀመሪያው ብቻ ነው፣ እሱንም እነ አስካፕና ቢኤምአይ የሚባሉ ማህበራት ሰብስበው ያከፋፍሉታል፣ አንድ ውል ተፈራርሞ የፈለገውን ያጫውታል። በኢንተርኔት በቀጥታ ለሚተላለፍ ሬዲዮም ሕጉ ለተቀዳው ድምጽ አንድ ወጥ ፈቃድ አዘጋጅቶለታል። ፖድካስት ግን ፋይሉ ወርዶ ሰውየው እጅ ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ ሕጉ የሚያየው ቅጂ እንደ መስጠት ነው፣ ለዛ ደሞ ለእያንዳንዱ ዘፈን የሁለቱንም ባለቤቶች ፈቃድ መለመን ሊኖርብዎት ነው። መኝታ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚቀዳ ልጅ ለትልቅ ኩባንያ ደውሎ ስለ አንድ ዘፈን ልደራደር ቢል ማን ያነሳለታል?

ስለዚህ ምን አደረጉ፣ ፈቃዱን ራሱ ሊሰጥ የሚችለውን ሙዚቀኛ ፈለጉ፣ ያ ማለት ደሞ ኩባንያ የሌለው፣ ዘፈኑን ራሱ ጽፎ ራሱ የቀዳ ሰው ነው። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በ2002 መጨረሻ ያወጣቸው ፈቃዶች እዚህ ላይ ጠቀሙ፣ አንድ ዘፋኝ "ስሜን ጠርታችሁ፣ ሳትሸጡት፣ እንደፈለጋችሁ አሰሙ" ብሎ አንዴ ይጽፋል፣ ከዛ ማንም ደውሎ አይጠይቀውም። በ2003 የተጀመረው ማግናቹን የሚባል የኢንተርኔት ሙዚቃ አሳታሚ ከሽያጩ ግማሹን ለሙዚቀኛው እየሰጠ በዚሁ ዓይነት ፈቃድ ይሰራ ነበር። በ2005 ደሞ የነከሪ ድርጅት ፖድሴፍ ሚውዚክ ኔትዎርክ የሚባል ቦታ ከፈተ፣ ሙዚቀኛው ዘፈኑን ይጭናል፣ ውሉን እዛው ይስማማል፣ አዘጋጁ ገብቶ ይመርጣል። ፖድሴፍ የምትለዋን ቃል በድሮ ፕሮግራም ላይ ከሰሙ ትርጉሟ ይቺው ናት፣ ማንም አይከሰንም ማለት ነው።

እና የሚገርመው፣ ለኔ እስከዛሬ የሚገርመኝ፣ ክልከላው ራሱ ነው በሩን የከፈተው። የታወቀውን ማጫወት ቢችሉ ኖሮ አብዛኞቹ እሱኑ ያጫውቱ ነበር፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ሬዲዮ ሁለተኛ ይሆኑ ነበር። ስላልቻሉ ግን ማንም የማያውቀው ሰው ዘፈን በአንድ ሳምንት ብዙ ፕሮግራም ላይ ይሰማል፣ አዘጋጁም ሙዚቀኛውን በቀጥታ ስለሚያገኘው ዘፈኑን ካሰማ በኋላ ራሱን ሰውየውን ደውሎ ያናግረዋል። ጆናታን ኮልተን የሚባለውን ይውሰዱ፣ የሶፍትዌር ሥራውን ትቶ ከሴፕቴምበር 2005 ጀምሮ ለአንድ ዓመት በየሳምንቱ አንድ ዘፈን እየሰራ በፖድካስት ለቀቀው፣ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ፣ ማንም እንዲያባዛው ነጻ አድርጎ። ሰዉ አባዛለት፣ የራሳቸውን ቪዲዮ የሰሩበትም አሉ፣ እሱም ከዛ በኋላ ኑሮው ሙዚቃ ሆነ። ሁሉም እንደሱ አልተሳካላቸውም፣ ብዙዎቹ ዘፈኖችም ሲበዛ ተራ ነበሩ፣ ልጆችዎ ካሰሙዎት መሃል ያልጣመዎት ካለ ጆሮዎን አይጠራጠሩ።

ጥያቄ፦ አይፖድ የሌለው ሰው ያኔ ፖድካስት መስማት አይችልም ነበር እንዴ? (ዝም ብሎ ጠያቂ)

መልስ፦ ይችላል። ማንኛውም ኤምፒ ስሪ ማጫወቻ ይበቃል፣ ማጫወቻ ባይኖርም ኮምፒውተሩ ላይ መስማት ነው።

ጥያቄ፦ እነዛን የድሮ ፕሮግራሞች አሁን መስማት እፈልጋለሁ፣ ግን ሊንኩን ስነካው ወይ አይከፍትም ወይ ሌላ ማስታወቂያ ይመጣል። ምን ላድርግ? ደሞ ለምንድነው እንዲህ የጠፉት? (የዘገየች አድማጭ)

መልስ፦ እህቴ፣ የጠፉት ማስቀመጫ ገንዘብ ስለሚፈልግ ነው። ያኔ ተወዳጅ መሆን ራሱ ዕዳ ነበር፣ አድማጭ በጨመረ ቁጥር የወረደው ዳታ ይበዛል፣ ሂሳቡ ባዘጋጁ ላይ ይቆለላል። ሊብሲን የሚባለው የፖድካስት ፋይል ማስቀመጫ በ2004 መጨረሻ መጥቶ ስንት ሰው አወረደው ሳይል በጫንሽው መጠን ብቻ ማስከፈል ሲጀምር ነው ብዙዎቹ የተነፈሱት። ቢሆንም ሰውየው ሰልችቶት መክፈል ሲያቆም ፋይሉ ይጠፋል፣ የድረ ገጹን ስም ደሞ ሌላ ሰው ይገዛዋል፣ ያየሽው ማስታወቂያ የዛ ነው።

እንዲህ አድርጊ። የድሮውን አድራሻ ኮፒ አድርገሽ የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ፣ ዌይባክ ማሽን የሚባለው መፈለጊያ ውስጥ ክተቺው፣ 2005ን ወይ 2006ን ምረጪ። ገጹ ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ ድምጹ ግን ብዙ ጊዜ የለም፣ ያኔ ተስፋ ቆርጠሽ አትዝጊው፣ ከእያንዳንዱ ክፍል ስር ያለውን ጽሁፍ አንብቢ። ጥሩ አዘጋጅ የዘፋኙን ስም፣ የዘፈኑን ርዕስና ሊንኩን እዛ ላይ ይዘረዝራል፣ ፕሮግራሙ ቢጠፋም ሙዚቀኛው ዛሬም ዘፈኑን ራሱ እየሸጠ ሊሆን ይችላል፣ ስሙን ይዘሽ እሱን ፈልጊው። ያልጠፉም አሉ፣ የቢቢሲው ኢን አወር ታይም በ2004 ነው ለሙከራ ለማውረድ የቀረበው፣ የድሮ ክፍሎቹ አሁንም ይሰማሉ። የሌላ ሰው ዘፈን እንደገና የተዘፈነበትን እየመረጠ የሚያቀርበው ከቨርቪልም ከ2004 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ዘልቋል።

የአርኤስኤስ አድራሻውን ካገኘሽና አሁንም የሚሰራ ከሆነ ደሞ የፖድካስት አፕሽ ላይ "በአድራሻ ጨምር" የሚል ነገር ፈልገሽ እሱን ለጥፊበት፣ አፑ ማውጫ ውስጥ ባይኖርም ይመጣልሻል። ለአንድ አፕ ብቻ ተብሎ የሚለቀቅ ፕሮግራም ግን ለሌላው የሚሰጠው አድራሻ ስለሌለው በዚህ መንገድ አይገባልሽም።