በብዛት የተጠቀሱ የሕክምና ወረቀቶችን ስለመቁጠር፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በሕክምና ቤተ መጻሕፍት ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው። «በስፔሻሊቲያችን በብዛት የተጠቀሱት 100 ወረቀቶች» የሚል ዝርዝር፣ ማለትም ሌሎች ተመራማሪዎች ደጋግመው በምንጭነት የጠቀሷቸውን ጽሑፎች ዝርዝር፣ ሊሠራ ያሰበ ሐኪም ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ጠረጴዛ ጋ ይመጣል። ዛሬ እዚሁ ጠይቁኝ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልናገር። የትኛው ጆርናል እንደሚቀበላችሁ አላውቅም። ደግሞ ፍለጋውን ያደረጋችሁበትን ቀን ጻፉ። ይህን ሲሰለቻችሁም እደግመዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሬዚደንቱ፦ ጋሼ፣ ለመሆኑ ለምን 100 ሆነ? 50 ወይም 200 ቢሆን ምን ይላል?

መልስ፦ ምንም አይልም፣ ልማድ ነው። ነገሩን ያመጣው ዩጂን ጋርፊልድ ነው። በ1955 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ፣ ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ ያስፈልገናል ብሎ ጻፈ። ማውጫው በ1964 ሥራ ጀመረ። በ1987 ደግሞ ጃማ በተባለው የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ጆርናል ላይ ከወጡት ውስጥ በብዛት የተጠቀሱትን 100 ወረቀቶች ዘርዝሮ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም 100 ይላል። ስፔሻሊቲህ ትንሽ ከሆነ 50 ይበቃሃል። 100ኛው ላይ ስትደርስ 30 ጊዜ ብቻ የተጠቀሰ ወረቀት ካገኘህ፣ ቁጥር ለመሙላት እየቆፈርክ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጋርፊልድ በ1955 ያሰበው ተመራማሪን ከተመራማሪ ማወዳደር አልነበረም። አንድ ሰው ወረቀት ከመጥቀሱ በፊት ሌሎች የሰነዘሩበትን ትችት እንዲያይ ነው የፈለገው። የተጭበረበረ ወይም ጊዜው ያለፈበት መረጃ ዝም ተብሎ እንዳይጠቀስ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አዲስ ገቢ፦ በሙያችን በጣም የተጠቀሰው ወረቀት የትኛው ነው?

መልስ፦ ሙያችሁ ምንድን ነው?

ቆጣሪ፦ ከየትኛው ዳታቤዝ መቁጠር ይሻላል? ዌብ ኦፍ ሳይንስ፣ ስኮፐስ ወይስ ጉግል ስኮላር?

መልስ፦ ለድሮ ወረቀት ዌብ ኦፍ ሳይንስ። ስኮፐስም ይሆናል። ዋናው ግን የትኛውን እንደተጠቀማችሁና መቼ እንደሆነ መጻፍ ነው። ቁጥሩ በየቀኑ ይጨምራል። ቀን የሌለው ቁጥር ዋጋ የለውም።

አንድ የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ሐኪም ዝርዝሩን ይዞ መጣ። ከ1985 በፊት የታተመ አንድም ወረቀት የለበትም። እሱ ደግሞ ውጤቱን በኩራት ተርጉሞታል፤ «ስፔሻሊቲያችን ወጣት ነው» ይላል። ገርሞኝ ፍለጋውን አብረን ደገምነው። ለካ ተቋሙ የከፈለው ከ1985 ወዲህ ላለው ብቻ ነው! ዌብ ኦፍ ሳይንስ አንድ ዓይነት ስም ይኑረው እንጂ፣ ወደ ኋላ ስንት ዓመት እንደሚያሳይ እንደየክፍያው ይለያያል። አንዱ ጋ 1900 ይደርሳል፣ ሌላው ጋ መንገድ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከቀኑ ጋር ይህንንም ጻፉ።

ነርሷ፦ ጉግል ስኮላር ነፃ ነው እኮ። መክፈል የማይችል ሰው ምን ያድርግ?

ቆጣሪ፦ ጉግል ስኮላር የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍም ይቆጥራል። ቁጥሩ የተነፋ ነው።

ነርሷ፦ መመረቂያ ጽሑፉን ሰው አልጻፈውም? መጽሐፍ ውስጥ መጠቀስስ መጠቀስ አይደለም?

ቆጣሪ፦ አንድ ወረቀት ሁለት ቦታ ተመዝግቦ ሲቆጠር አይቻለሁ።

ነርሷ፦ እኔም ዌብ ኦፍ ሳይንስ መጽሐፍ ሲዘል አይቻለሁ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ይብቃችሁ። ጉግል ስኮላር ሰፊ መረብ ይጥላል፤ ዓሣውም ቆሻሻውም ይመጣል። የእኔ ችግር ሌላ ነው። ፍለጋውን ሌላ ሰው በሌላ ቀን ደግሞ ያንኑ ውጤት ለማግኘት ይቸገራል። ሌላ አማራጭ ከሌለሽ ተጠቀሚበት፣ መጠቀምሽንም ጻፊ። ቀኑንም።

የአጥንቷ፦ የአጥንት ሐኪም ነኝ። ዝርዝሬን ሠርቼ ጨረስኩ። ከላይ ያሉት ግን ሕክምና አይደሉም፣ የነጥብ መስጫ መመዘኛዎች ናቸው። ፍለጋዬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ በጭራሽ! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ፍለጋሽ ትክክል ነው፤ ነገሩ ራሱ እንዲህ ነው።

ከሕክምና ወጣ ብለሽ እዪው። በሳይንስ ሁሉ በብዛት የተጠቀሰው ወረቀት የሎውሪና ባልደረቦቹ ነው፣ በ1951 የወጣው። ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ምን አገኘ? ፕሮቲን መለኪያ ዘዴ። «ኔቸር» በ2014 የዘመናት 100ዎቹን ሲዘረዝር፣ ለመግባት ከ12,000 ጊዜ በላይ መጠቀስ ያስፈልግ ነበር። የዲኤንኤን ቅርጽ ያሳየው የዋትሰንና የክሪክ ወረቀት አልገባም። በሕይወት የመቆየትን ዕድል በመስመር የሚያሳየው የካፕላንና የማየር የ1958 ወረቀት ግን ገባ። ሰው ግኝትን ያደንቃል፣ የሚጠቅሰው ግን መሣሪያውን ነው።

ወደ አንቺው ሙያ እንምጣ። የሃሪስን የ1969 ወረቀት ዝርዝርሽ ላይ እንደምታገኚው እርግጠኛ ነኝ። ርዕሱን እስከ መጨረሻው አንብበሽዋል? ወረቀቱ ስለ ቀዶ ሕክምና ነው። በአደጋ ዳሌያቸው የተጎዳ ሰዎችን የጭን አጥንት ራስ በብረት ቆብ ስለመሸፈን። ያ ቀዶ ሕክምና በሙሉ የዳሌ ቅየራ ተተክቶ ቀርቷል። ሃሪስ ውጤቱን ለመመዘን ብሎ ግን ከ100 የሚታሰብ ነጥብ አዘጋጀ። 44ቱ ለሕመም፣ 47ቱ ታካሚው በዕለት ኑሮው ምን መሥራት እንደሚችል፣ 5ቱ መገጣጠሚያው ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ፣ 4ቱ የቅርጽ መዛባት ላለመኖሩ። ይኸው ሠንጠረዥ ነው እስከ ዛሬ የሚኖረው። ዋናው ሞቶ ጥላው ቀረ።

ሌላውም ቤት እንደዚሁ ነው። የአእምሮ ሕክምና ስትሄጂ የሃሚልተን የ1960ና የቤክ የ1961 የድባቴ መመዘኛዎች፣ የፎልስታይን የ1975 የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መመዘኛ አሉ። የታካሚን ንቃት የሚለካው የግላስጎው ኮማ ስኬል በ1974 የወጣ ነው። በአንጻሩ ስለ ኢንሱሊን የሚጽፍ ሰው የ1922ቱን የባንቲንግንና የቤስትን ወረቀት አይጠቅስም፣ ሁሉም ያውቀዋላ! ሶሲዮሎጂስቱ ሮበርት መርተን ለዚህ ስም አውጥቶለታል። ግኝቱ ከዕውቀቱ ጋር በጣም ከመዋሐዱ የተነሣ ምንጩ ይደመሰሳል ይላል። እና ዝርዝርሽ ላይ የሌለው ነገር ካለው ያላነሰ ያወራል።

አዲስ ገቢ፦ የውስጥ ደዌ ነው ሙያዬ። በጣም የተጠቀሰው የቱ ነው?

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ባሕር ነው። ልብ ነው? ኩላሊት? ስኳር? ጠባብ አድርገህ ተመለስ።

የአእምሮ ሐኪም፦ ብዙ የተጠቀሰ ማለት እንግዲህ ጥሩ ማለት አይደለም እያሉን ነው?

መልስ፦ በብዙ ሰው እጅ ያለፈ ማለት ነው። ዶክተር፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ ይህ የእኔ ነገር ነው።

በ1980 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ለአዘጋጁ የተላከ ደብዳቤ ወጣ። ጸሐፊዎቹ ፖርተርና ጂክ ናቸው። አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ! ሆስፒታል ተኝተው ቢያንስ አንዴ ናርኮቲክ (እንደ ሞርፊን ያለ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ) የወሰዱ 11,882 ታካሚዎች ነበሩ፤ ከዚያ በፊት የሱስ ታሪክ ከሌላቸው መካከል ሱስ የተመዘገበባቸው 4 ብቻ ናቸው ይላል። አበቃ። ታካሚዎቹ ቤታቸው ሄደው ለወራት ሲወስዱ ምን ይሆናሉ ለሚለው መልስ የለውም፤ አልጠየቀምም።

በ2017 እዚያው ጆርናል ላይ ተመራማሪዎች ይህን ደብዳቤ የጠቀሱትን 608 ጽሑፎች አንድ በአንድ አነበቡ። 439ኙ፣ ማለትም 72 ከመቶው፣ «ሱስ ብርቅ ነው» ለማለት ማስረጃ አድርገውታል። ከመቶ 80 የሚበልጡት ደግሞ ታካሚዎቹ ሆስፒታል የተኙ መሆናቸውን አልጻፉም። ጠቃሹ የበረከተው ኦክሲኮንቲን የተባለው ናርኮቲክ ገበያ ከገባ በኋላ ነው። በዚያው ጊዜ የወጡ ተመሳሳይ ደብዳቤዎች የተጠቀሱበት መካከለኛ ቁጥር 11 ነው። በኋላ ጆርናሉ ራሱ ደብዳቤው ላይ ማስጠንቀቂያ ለጠፈበት።

አሁን ይህን ደብዳቤ በቁጥር ብቻ ይዩት። 608! የሕመም ማስታገሻ ሕክምና «ክላሲክ» ብለው ያስገቡት ነበር። ስለዚህ ለሁሉም የምለው አንድ ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ጠቃሹ ዓረፍተ ነገር ምን እንደሚል አንብቡ። ጋርፊልድም ማውጫውን የፈለገው ለዚሁ ነበር።

ሬዚደንቱ፦ እንግዲያው የተሻረ ወረቀት ዝርዝር ውስጥ ይገባል? ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የዌክፊልድ የ1998ቱ ለምሳሌ?

መልስ፦ ቁጥሩ ካስገባው ይገባል፤ መሻሩን ግን እዚያው ጎኑ ጻፍ። ያወጣው ጆርናል ላንሴት በ2004 ከፊሉን፣ በ2010 ሙሉውን ሽሮታል። 12 ልጆች ላይ የተመሠረተ ወረቀት ነው። ብዙዎቹ የጠቀሱት ሊነቅፉት ነው፤ ቆጠራው ግን ሙገሳን ከስድብ አይለይም። ዝም ብለህ ብታወጣው አንባቢ «ረሳው» ይላል፤ ዝም ብለህ ብታስገባው ደግሞ የባሰ ነው።

ሌላ አባል፦ ዌብ ኦፍ ሳይንስ ይሻላል ስኮፐስ?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ወደ ላይ ተመልከቱ።

ጠርጣሪ፦ ይቅርታና፣ ይሄ ምርምር ነው? ታካሚ አልታየ፣ ላብራቶሪ አልተገባ። ሲቪ ማድመቂያ ነው።

ሬዚደንቱ፦ ተረኛ ሆኖ ለሚያድር ሰው ሌላ ምን ጊዜ አለው?

ጠርጣሪ፦ ጊዜ ከሌለህ አትጻፋ። ግዴታ ነው?

ሬዚደንቱ፦ አዎ ግዴታ ነው! ለመመረቅ ወረቀት ይጠየቃል።

የአጥንቷ፦ እኔ ግን የሙያዬን ታሪክ ያወቅኩት ዝርዝሩን ስሠራ ነው። 15 ዓመት የሠራሁበትን መመዘኛ ዋና ወረቀት ያነበብኩት ያኔ ነው።

ጠርጣሪ፦ ማንበብ ጥሩ። ማሳተም ለምን?

መልስ፦ ጠርጣሪ ግማሽ እውነት አለው። የአብዛኞቹን ውጤት ሳላነብ ልነግራችሁ እችላለሁ፤ አሜሪካ አንደኛ ናት፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፣ የድሮ ወረቀት ይበዛል። ይህን ለማወቅ ሦስት ወር መድከም አያስፈልግም። ጥያቄ ይኑራችሁ። ከ100ዎቹ ስንቶቹ ታካሚዎች በዕጣ የተመደቡባቸው ሙከራዎች ናቸው? የተገለጸው ሕክምና ዛሬም ይሰጣል? የተሻረ አለ? እንዲህ ከሆነ አነበዋለሁ።

ቆጣሪ፦ የድሮ ወረቀት ሰፊ ጊዜ ስላገኘ አይደል የሚበዛው? በዓመት ቢካፈልስ?

መልስ፦ አካፍል፣ ግን ሁለቱንም ቁጥር አሳይ። በዓመት ስታካፍል ሚዛኑ ወደ አዲሱ ያጋድላል። በ2020 መጀመሪያ ላንሴት ላይ የወጣውን የዉሃን የኮቪድ ወረቀት አስብ። 41 ታካሚ ብቻ ነው ያለው። ዓለም ሁሉ ስለ አንድ በሽታ ሲጽፍ የመጀመሪያውን መግለጫ ጠቀሰ። በዓመት ብትመድበው የ50 ዓመት ሥራዎችን ጥሎ ያልፋል።

ነርሷ፦ ወረቀቶቹን የምፈልገው በስፔሻሊቲው ጆርናሎች ውስጥ ብቻ ነው ወይስ በሁሉም?

መልስ፦ በሁሉም! ይህ ትልቁ ስሕተት ነው። ማርሻልና ዋረን የጨጓራ ባክቴሪያውን በ1984 ያሳወቁት ላንሴት ላይ ነው፤ በ2005 ኖቤል አገኙበት። የጨጓራና አንጀት ጆርናሎችን ብቻ የፈለገ ሰው ያንን ወረቀት ያጣዋል። የግላስጎው ስኬልም ላንሴት ላይ ነው የወጣው። በቃል ፈልጊ፣ ርዕስና አብስትራክቱን ሁለት ሰው ለየብቻ ይይ፣ ያልተስማማችሁበትን ሦስተኛ ሰው ይዳኝ። ቀኑን ጻፊ።

ሌላ አባል፦ በቮስቪወር የወረቀቶቹን ትስስር የሚያሳይ ባለ ቀለም ካርታ እንዴት ይሠራል?

መልስ፦ ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ መመሪያም አለው። ካርታው ያምራል። ምን እንደሚል ሲጠየቅ መልስ የሰጠኝ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሌላ አባል፦ የጸሐፊዎቹን ኤች ኢንዴክስ (የአንድ ተመራማሪን ሥራዎች ብዛትና የተጠቀሱበትን መጠን በአንድ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ) ላካትት?

መልስ፦ ሂርሽ የሚባል ፊዚክስ ሊቅ በ2005 ያመጣው ነገር ነው። ስለ ወረቀቶቹ ምንም አይነግርህም። ይቅርብህ።

አዲስ ገቢ፦ ኩላሊት።

መልስ፦ ተመስገን! አሁን መነጋገር እንችላለን። የዲያሊሲስ፣ የንቅለ ተከላ ወይስ የኩላሊት ሥራ መለኪያ ቀመር? ቀመሮቹ ከላይ እንደሚቀመጡ ከአሁኑ እወራረዳለሁ። ምክንያቱን ለአጥንቷ መልሻለሁ።

ሬዚደንቱ፦ ጋሼ፣ እስካሁን እያወራን የእኛን ዌብ ኦፍ ሳይንስ ከፍቼ አየሁት። 1990 ላይ ይጀምራል።

መልስ፦ ዝርዝርህን ሠርተህ ጨርሰሃል?

ሬዚደንቱ፦ ትናንት ለአማካሪዬ ልኬዋለሁ።

መልስ፦ ደውልለት፣ አሁኑኑ። ከዚያ ወደ 1900 የሚመለስ ክፍያ ያለው ቤተ መጻሕፍት ፈልግና እንደገና አሂደው። ቀኑንስ ጽፈህ ነበር?

ሬዚደንቱ፦ አልጻፍኩም።