«ስቴብል አሮጌ ነው» ለምትሉኝ ልጆች

አብረውኝ ከሚሠሩት ወጣቶች ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ አለ፦ «ጋሼ፣ ዴቢያን ስቴብል እኮ አሮጌ ነው!» ዴቢያን የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ስቴብል ደግሞ ተጣርቶ የወጣው ቅጂው። ልክ ናችሁ፣ አሮጌ ነው። ያረጀው ግን ታስቦበት ነው።

እኔም በእናንተ ዕድሜ እንደዚሁ እል ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ አዲስ ፕሮግራም አማረኝና ከስቴብሉ ጎን የአንስቴብልን (ገና እየተሠራ ያለውን የዴቢያን ቅጂ) የማውረጃ አድራሻ ጨመርኩ። ፕሮግራሙ ብቻውን አልመጣም፤ ሌሎቹ ፕሮግራሞች የሚደገፉበትን ዋናውን የሲ ላይብረሪ ጎትቶ መጣ፣ እሱም ሌላውን ሁሉ። እዚያው አደርኩ። ጠዋት ሠራተኛ ሲገባ ሰርቨሩ ገና አልተነሣም ነበር።

የሚያሳስተን «ስቴብል» የሚለው ቃል «የተረጋጋ» ተብሎ መተርጎሙ ይመስለኛል። «የማይለዋወጥ» ቢባል ይሻላል። ስቴብል ባግ (የፕሮግራም ስህተት) የለበትም ማለት አይደለም። የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ጥገናው ብቻ ተወስዶ አሮጌው ቨርዥን ላይ ይጣፋል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ «አልታደሰም» አትበሉ።

አዲስ ነገር የሚገባው በአንስቴብል በኩል ነው፤ ቅጽል ስሙ ሲድ፣ አሻንጉሊት በሚሰባብር የካርቱን ፊልም ልጅ የተሰየመ። ፓኬጁ (የፕሮግራሙ ጥቅል) እዚያ ጥቂት ቀን ይቆይና አዲስ ከባድ ባግ ካልተገኘበት ወደ ቴስቲንግ፣ ማለትም ወደ መፈተኛው ቅጂ፣ ይሻገራል። በሁለት ዓመት ገደማ አንዴ የቴስቲንግ በር ይዘጋል፣ ያ ተጣርቶ ቀጣዩ ስቴብል ይሆናል። ቡክዎርም የተባለው ስቴብል እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ወጣ፣ ተከታዩ ትሪክሲ በኦገስት 2025። (ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ ከ2002 እስከ 2005 ሦስት ዓመት ገደማ ጠብቀናል።)

በማርች 2024 መጨረሻ የሆነውን አስታውሱ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር ሲድ በጫነበት ማሽን ላይ ኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ማሽን መግቢያው) ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ነገሩን ሲከታተል ኤክስዜድ በሚባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በር (ሰርጎ መግቢያ ቀዳዳ) አገኘ። 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ላይ ነበር፤ አንስቴብልና ቴስቲንግ ደርሷል። የምታሾፉበት ስቴብል ጋ ግን አልደረሰም።

ሰውየውም ስቴብል ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ ማን ያየው ነበር? ይህን ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

እና ሰርቨሩን ስቴብል ላይ ተዉት፤ አዲስ ነገር የግድ ካስፈለገ ባክፖርትስ (ለስቴብል ተስተካክለው የቀረቡ አዳዲስ ቨርዥኖች) አለላችሁ። የራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ግን ሲድ ጫኑና ይሰበርባችሁ። ሲሰበር ሪፖርትባግ የሚባለውን ትእዛዝ ክፈቱ፤ የትኛው ቨርዥን እንደሆነ፣ ምን ስታደርጉ እንደተበላሸ ጻፉና ለዴቢያን ሰዎች ላኩ። እንግሊዝኛችሁ ቢንገዳገድም ግድ የለም። የእኔ የመጀመሪያው ሪፖርት አራት መስመር ነበር፤ ገብቷቸዋል።