አረቄው ይቅርባት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ደሴ ሰኞ ገበያ ነው። በ45 ቀናቸው ገዝቼ ያሳደግኋቸው 10 ቄቦች አሉኝ። ቅዳሜ ዕለት ጭልፊት አንዷን ይዞ ሲነሳ ተጯጩኸንበት ጣላት። አንገቷ ሥር ተቀዷል። ውሃ ስትጠጣ በቀዳዳው ይንጠባጠባል፣ የበላችው ስንዴ ሳይቀር ይታያል። ጎረቤቴ «አረቄ በጠብታ ስጫትና ትተኛለች፣ እኔ በመርፌ እሰፋታለሁ» ይለኛል። ለዶሮ ማደንዘዣ ይሰጣል እንዴ? በዚህ ዕድሜዋስ ትችለዋለች?
ዘ. ከደሴ

መልስ፦ አብሽሩ፣ ይሰጣል፤ ትችለዋለችም። የማትችለው አረቄውን ነው። አረቄ ሕመሙን ሳያጠፋላት ያዞራታል፤ ትን ብሏት ወደ ሳንባዋ ከገባ ደግሞ ስፌቱ ምንም አይፈይድላትም። ገላዋንም ያቀዘቅዛል። በደሴ ብርድ ላይ ሌላ ብርድ!

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት የ2 ወር ጫጩት እጄ ላይ ሞታብኛለች። መድኃኒቱን በልኩ ነበር የሰጠኋት። እንዳትወራጭ ብዬ ረዳቴን «ደረቷን ጠበቅ አድርገህ ያዝ» አልኩት፤ ታዛዥ ልጅ ነው፣ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ሰፍቼ ቀና ስል የአፏ ውስጥ ጠቁሯል። ዶሮ ገንጥለው 12 ብልት ያወጡ ሰው ነዎትና ምክንያቱን በዓይንዎ አይተውታል፦ ሳንባዋ ከጎድን አጥንቷ ጋር ተጣብቆ በጣት ተፍቆ ነው የሚወጣው፤ እንደ በግ ደረትን ከሆድ የሚለይ ስስ ሥጋም የላትም። የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷ ከፍ ዝቅ ሲል ነው። ደረቷን የያዘ ሰው አፍንጫዋን እንዳፈነ ይቁጠሩት። ነቅታ ቢሆን ታግላ ታስለቅቅ ነበር፤ ተኝታ በምን አቅሟ?

ከዚያ ወዲያ የምፈራው ግምትን ነው። ግማሽ ኪሎ ትሆናለች ያልኳት ቄብ ሚዛን ላይ 400 ግራም ሆና ታውቃለች። ለ400 ግራም ዶሮ ቁስሉን ብቻ የሚያደነዝዘው ባለ 2 በመቶው ሊዶኬይን ከ0.1 ሚሊ ሊትር በታች፣ ሁለት ጠብታ ገደማ ነው የሚበቃት። የሰው ጥርስ ሲነቀል የሚወጋው ያህል ብትወጋ ተንቀጥቅጣ ልቧ ይቆማል። ስለዚህ መጀመሪያ ትመዘናለች፣ መድኃኒቱም ቀጥኖ በኢንሱሊን መርፌ ይሰጣታል። ለማስተኛት የሚመረጠው አይሶፍሉሬን የሚባለው ጋዝ ነው፤ በትንሽ ጭንብል ትስበዋለች፣ ሲነሳላት በደቂቃዎች ውስጥ ትነቃለች። እኔ ጋ ማሽኑ ስለሌለ ኬታሚንና ዲያዜፓም ነው የምጠቀመው፤ የሚወጋውም ፈረሰኛው ላይ ነው። ከኬታሚን የምትነቃው ቀስ እያለች፣ ክንፏን እያማታች ነውና እንዳይደነግጡ።

አሁን ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ፣ ጨው ጣል በተደረገበት ውሃ ይጠቡላት። ቡና አይነስንሱበት። እንደ ሰው ኦፕራሲዮን ከማታ ጀምሮ እንዳያስጦሟት፤ የትንሽ ዶሮ ስኳር ቶሎ ይወርዳል፣ እኔ ጋ ኮምቦልቻ ይዘዋት ከመምጣትዎ 2 ሰዓት በፊት ቢያቆሙላት ይበቃል። የተበሳ ካርቶን ውስጥ አስገብተው ሞቅ ያለ ውሃ የያዘ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልለው ከጎኗ ያኑሩላት። የጤነኛ ዶሮ ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ እስኪደርሱ ከቀዘቀዘች ሳላሞቃት አልነካትም።

ስፌቱ ሁለት ነው፤ የምግብ ከረጢቷ ለብቻው፣ ቆዳዋ ለብቻው። ጎረቤትዎ ሁለቱን ባንድ ክር ቢያያይዛቸው ኖሮ በሳምንቱ መልሶ ይቀደድ ነበር። ቤት ስትመለስ ከዘጠኙ ለይተው ጨለም ያለ ቦታ ያኑሯት፤ እህቶቿ ቀይ ነገር ካዩ ይጠቀጥቋታል። ቆማ አንገቷን ቀጥ እስክታደርግ ውሃም አይስጧት፣ ከዚያ በኋላ የራሰ መኖ ጥቂት ጥቂት። መድኃኒቱ ከሥጋዋ እስኪወጣ ድረስ አትታረድም፤ እንቁላል የሚጠብቁባትን ቄብ መቼም አያርዷትም።

ጎረቤትዎም ደስ ካለው አብሮ ይምጣ። ጭንቅላቷን ቀና አድርጎ ይያዝልኝ፤ ደረቷን ግን አይንካ።