መልስ፦ በኪል 9 የማይሞት ዞምቢ ፕሮሰስ

ሰላም ወንድሜ። «ጎንደር ፒያሳ ባለው ሱቃችን፣ ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የስካነሩ ፕሮግራም ዞምቢ ሆኖ ቀረ፤ ኪል 9 ብለውም አልሞት አለኝ» ላልከው፦

ኪል 9 ፕሮግራምን በግድ የመዝጊያ ትእዛዝ ነው፤ ዞምቢ ግን በእሱ አይሞትም፤ ቀድሞ ሞቷላ! ሚሞሪውን ለቋል። የቀረው በፕሮሰስ ሰንጠረዡ (ሲስተሙ የተነሱ ፕሮግራሞችን በሚመዘግብበት) ላይ ያለችው መስመርና የመውጫ ቁጥሩ (እንዴት እንዳበቃ የሚናገረው) ናቸው። ሰውየው ተቀብሮ ስሙ ከእድሩ መዝገብ እንዳልተሰረዘ ቁጠረው። የሚሰርዘው ወላጁ ፕሮሰስ፣ ማለትም ያስነሳው ፕሮግራም ነው። ስለዚህ የወላጁን ቁጥር ፈልግና እሱን ዝጋው። ያኔ ልጁን አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰስ ቁጥር 1 (ሲስተሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጀምረው) ይረከብና ያጸዳዋል።

ያንተ ግን ስካነር ስላለበት ሌላ ነገር ጠርጥሬአለሁ። ፕሮግራሙ ብዙ ትሬድ (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ካለው፣ ዋናው ትሬድ ሞቶ ሌላው ድራይቨር (ስካነሩን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው ኮድ) ውስጥ ተቸንክሮ ሊቀር ይችላል። ከላይ ስታየው «ዜድ» (ዞምቢ) ይላል፤ የመጨረሻው ትሬድ እስኪወጣ ግን ወላጁም ሊያጸዳው አይችልም። ፕሮክ በሚባለው የሲስተሙ ፎልደር ውስጥ በፕሮሰሱ ቁጥር የተሰየመውን ፎልደር፣ ከዚያ ታስክ የሚለውን ክፈት። ትሬዶቹን አንድ በአንድ እይ። «ዲ» (የማይቋረጥ ጥበቃ) ላይ የቆመ ካገኘህ ጉዱ እዚያ ነው፤ እሱ ኪል 9ንም አይሰማም። ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆነህ የዚያን ትሬድ ስታክ የሚባለውን ፋይል አንብብ። የትኛው የድራይቨር ፈንክሽን ላይ እንደቆመ በስሙ ታገኘዋለህ። የከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ሎግም እይ፤ ብዙ ዲስትሮዎች (የሊኑክስ ዓይነቶች) ላይ ከ120 ሰከንድ በላይ ለተንጠለጠለ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል።

አንዳንዴ ዩኤስቢውን መንቀል ብቻ ይፈታዋል። ካልሆነ ሪስታርት ነው፣ ምን ይደረግ። ወላጃቸው ቁጥር 2 የሆኑትን ግን አትንካ፤ የከርነሉ የራሱ ትሬዶች ናቸው።

ስታኩ ምን እንዳለህ ጻፍልኝ።