ስለ ወገብ ማደንዘዣ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሰመመን ባለሙያ ነኝ። አብዛኛው ሥራዬ ለኦፕራሲዮን ወሊድ ማደንዘዣ መስጠት ነው። የከነከናችሁን ጠይቁ። ብቻ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ወገቡ ላይ ከመወጋቱ በፊት ይናገር። ይህን ደጋግሜ እላለሁ።

የመጀመሪያዬ፦ ዶክተር፣ ስፓይናልና ኤፒዱራል አንድ ናቸው?

መልስ፦ ዶክተር አይደለሁም እህቴ፣ ባለሙያ በይኝ። አንድ አይደሉም። ስፓይናል አንዴ ተወግቶ ያበቃል። ቀጭን መርፌ ኅብለ ሰረሰርን ከከበበው ፈሳሽ ውስጥ ይገባል። 2 ሚሊ ሊትር አካባቢ ቡፒቫኬይን የሚባል ማደንዘዣ ይሰጣል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ከደረት በታች ይደነዝዛል። ኤፒዱራል ከፈሳሹ ሽፋን ውጭ ይቆማል። ቀጭን ቱቦ እዚያ ይቀራል፤ መድኃኒቱ እየተጨመረ ምጡን ለሰዓታት ያስታግሳል። አሜሪካ ያሉ እህቶቻችሁ የሚያወሩላችሁ ይኼኛውን ነው። እናቲቱን ሰዓቱን ሙሉ የሚከታተል ሰው ስለሚፈልግ እኛ ጋ እንደ ልብ አይገኝም።

ሀብታሙ፦ ሽባ ያደርጋል የሚባለውስ?

መልስ፦ የአዋቂ ኅብለ ሰረሰር ከወገብ አንደኛው ወይም ሁለተኛው አጥንት አካባቢ ያበቃል። እኛ የምንወጋው ከዚያ ዝቅ ብለን ነው። ፈጽሞ አይደርስም አልልም። እጅግ አልፎ አልፎ ደም ቋጥሮ ወይም ኢንፌክሽን ገብቶ ነርቭ ይጎዳል። ስለ ደም ማቅጠኛው የምጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ በወለድኩ በሁለተኛው ቀን ቁጭ ስል ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። ስተኛ ይተወኛል። ምንድን ነበር?

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ። መርፌው በበሳው ቀዳዳ ፈሳሹ ሲያፈስ የሚመጣ ራስ ምታት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አውጉስት ቢር እ.ኤ.አ. በ1898 ኪል ከተማ ስፓይናልን ሲጀምር ራሱም ተወግቶ በዚሁ ራስ ምታት ቀናት ተኝቷል። ዋናው ነገር መርፌው ነው። ጫፉ ስለታም ከሆነ ሽፋኑን ይቆርጣል። ጫፉ እንደ እርሳስ ከሆነ ገለል አድርጎ ያልፋል፤ ራስ ምታቱም በጣም ይቀንሳል። የመርፌው ቁጥር ሲጨምር ደግሞ መርፌው ይቀጥናል፤ 25 ከ22 ይቀጥናል። በፊት የሠራሁበት ሆስፒታል ቀጭኑ አልቆ በ22 ወግተናል። ቀና ብላ ልጇን ማጥባት ያቃታትን እናት እስከዛሬ አልረሳትም። ብዙዎቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሻላቸዋል። ከበረታ ከራሷ ክንድ 20 ሚሊ ሊትር አካባቢ ደም ተወስዶ ወገቧ ላይ ይሰጣል፤ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትሠቃዩ፤ ተመልሳችሁ ንገሩን።

ቤዛ፦ እኔን ያዳነኝ ቡና ነው።

ሀብታሙ፦ ባለቤቴ ጠጥታ ምንም አልጠቀማትም።

መልስ፦ ለጊዜው ሊያስታግስ ይችላል። ቀዳዳ አይደፍንም።

ወለተ ማርያም፦ እናቶቻችን «ማርያም ማርያም» እየተባለላቸው ወለዱ። ምጥ መርፌ አያስፈልገውም።

ሜሪላንድ ያለችው፦ እኔ ኤፒዱራል ወስጄ ስወልድ እናቴ አጠገቤ ማርያምን ስትጠራ ነበር። ምኑ ይጣላል?

ወለተ ማርያም፦ ሕመሙ ራሱ የእናትነት ወግ ነው።

ሜሪላንድ ያለችው፦ ለአንቺ ይሁን። በእኔ ሕመም ላይ ግን አትፍረጂ።

መልስ፦ እህቶች፣ ወደ ጉዳያችን። የምትፈልግ ትውሰድ፣ የማትፈልግ ትተወው።

ናቲ፦ መርፌው ጥሩ ነው?

መልስ፦ ለማን? ለምን ዓይነት ኦፕራሲዮን? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ናቲ፦ ማለቴ፣ ሽባ አያደርግም ወይ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብብ።

ቤዛ፦ ወገቤን ለዘላለም ያመኛል?

መልስ፦ የተወጋው ቦታ ጥቂት ቀን ይነካካል። ለወራት የሚቆየው የወገብ ሕመም ሳይወጉ በወለዱትም ላይ አለ።

ሀብታሙ፦ ዋጋውስ?

መልስ፦ የምትታከሙበትን ቦታ ጠይቁ።

የአዳማው፦ እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ትደረጋለች። በወገብ ነው ተብለናል። ለልቧ ዋርፋሪን ትወስዳለች። መናገር አለብኝ?

መልስ፦ አሁኑኑ! ነገ ጠዋት አይደለም። ዋርፋሪን የደም ማቅጠኛ ነው። የደሟን የመርጋት አቅም ሳያዩ ወገቧን መንካት የለባቸውም። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡባት፣ እነሱ ይወስኑ። ደውልና ተመለስ፤ እዚሁ ነኝ።

የአዳማው፦ ደወልኩ። አልተመዘገበም ነበር። ደም ሊወስዱላት እየመጡ ነው።

መልስ፦ እሰይ። ውጤቱ ሲመጣ ጻፍልኝ።